ግድግዳው ላይ የቀረው ጥላ

ዶን ሌኦካዲዮ ቡስቲዮ ሞተው የተገኙት በልጆች ሙዚየም ውስጥ፣ ሕፃናት የወረቀት ጃንጥላ በአየር በሚያበርሩበት ጉድጓድ ግርጌ ነበር። ኢንስፔክተር ዴልሚራ ሱኒጋ ስትደርስ ከወለሉ ሥር ያለው ማራገቢያ ገና አልጠፋም። ቀይና ቢጫ ጃንጥላዎች ከሽማግሌው ገላ ዙሪያ እየተነሡ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሰገነቱ ጋ ሲደርሱ ይገለበጡና ተመልሰው የሽማግሌው ደረት ላይ ያርፋሉ።

«ይህን ነገር የሚያጠፋ ሰው ጠፋ?» አለች ዴልሚራ።

«‹ምንም እንዳትነኩ› ያላችሁት እናንተ ናችሁ» አለቻት የሙዚየሙ ዳይሬክተር ማርሌኒ። «አሁን ደግሞ ለምን አልነካችሁም ልንባል ነው?»

ማራገቢያው ጠፋ። ጃንጥላዎቹም ወደ ወለሉ ወረዱ።

ሙዚየሙ ድሮ የትምባሆ መጋዘን ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሳንታ ሮሳ ከተማ ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣበታል፤ በሩ ላይ «ንኩ፣ ግፉ፣ አሽከርክሩ» ተብሎ በትልልቁ ተጽፏል። በዚያ ቅዳሜ ግን ሽማግሌው ሲወድቁ ሌላው ጎብኚ ሁሉ ወጥቶ የቀረው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነበር። የዶን ሌኦካዲዮ የልጅ ልጅ ዬንሲ ሰባት ዓመት የሞላት በዚያ ቀን ነው። ልደቷን ሊያከብሩ ከአያቷ ጋር የመጡት አጎቷ ዳጎቤርቶ፣ አክስቷ ኤልቪያና አባቷ ኔሪ ነበሩ። እናቷ ሱያፓ እሷን ስትወልድ ሞታለች። ያን ጊዜ ኔሪ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሊሻገር ሜክሲኮ ውስጥ ነበር፤ ሲመለስ ሚስቱ ተቀብራ፣ ልጁ ደግሞ በአያቷ ቤት በኤልቪያ እቅፍ ሆና ጠበቀችው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ይቅር አላለውም፤ እሱም ይቅርታ አልጠየቀም።

«አደጋ ነው» አለች ማርሌኒ፣ ዴልሚራን ተከትላ ወደ ሰገነቱ እየወጣች። «አንዱ ልጅ በሩን ነካክቶት ይሆናል። ሽማግሌው ሳያዩ ተደገፉት፣ ወደቁ። ከሰዓት በኋላ የሌላ ልጅ የልደት ግብዣ አለብኝ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ዴልሚራ አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች። የሰገነቱ አጥር ከደረቷ በላይ ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ እላይ ተሰክተው የሚቀሩ ጃንጥላዎችን ለማውጣት፣ ወደ ጉድጓዱ የሚከፈት ጠባብ በር አለው። በሩ አሁን ወለል ብሎ ተከፍቷል። መቀርቀሪያው ከአጥሩ ከፍ በሚለው በር አናት ላይ ነው። ዴልሚራ አጭር ሴት ስለሆነች ልትነካው በእግሮቿ ጣት ቆመች።

«ይህን የሚደርስበት ልጅ አምጪልኝ» አለች።

ማርሌኒ ወደ መቀርቀሪያው ቀና አለች።

ዴልሚራ በሩን ዘጋችና ቀረቀረችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ በሙሉ ክብደቷ ተደገፈችበት።

«ምን እያደረጉ ነው! ሊወድቁ ነው እኮ!»

በሩ አልተነቃነቀም። ዴልሚራ አንድ ሁለቴ ወዘወዘችው፤ ያው ነው። መቀርቀሪያው ከባድ ብረት ስለሆነ በእጅ ካልተነሣ አይነሣም። «አደጋው ቀርቶብናል» አለች ልብሷን እያራገፈች። «ሽማግሌው በሩን ተደግፈው ቆመው ሳለ አንድ ትልቅ ሰው እጁን ሰድዶ መቀርቀሪያውን አንሥቷል። ይህ መጋረጃ ወዴት ይወስዳል?»

«ወደ ጥላ ክፍል።»

«ያኛውስ?»

«ወደ ደረጃው። ከደረጃው ሥር አዳራሹ ነው። ሌላ የሚጠይቁት አለ ወይስ ልሂድ?»

«ሂጂ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ ላኪልኝ። እርስ በርሳቸው እንዳይነጋገሩ ፖሊሱ ይጠብቃቸው።»

*

ለምርመራው የተሰጣት ቦታ የሕፃናቱ ገበያ ነበር። የፕላስቲክ ሙዝና ቲማቲም በየቅርጫቱ ተደርድሯል። ወንበሮቹ ከጉልበት አያልፉም። ዴልሚራ ቀዩ ላይ ተቀምጣ ሰማያዊውን ወደ ኔሪ ገፋችለት። ኔሪ ሳንታ ሮሳና ግራሲያስ መካከል አውቶቡስ የሚነዳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው።

«ተቀመጥ።»

«ቆሜ እናገራለሁ።»

«እንደ ፈለግህ። ጠዋት በር ላይ ከአማትህ ጋር ተጣልታችኋል።»

«የልጄን እጅ እንዳልይዝ ከለከሉኝ። በልደቷ ቀን። እኔ ልጄን የማያት በወር አንዴ ነው፤ ያውም ዳጎቤርቶ እንደ ዘበኛ አጠገቤ ቆሞ።»

«‹አንድ ቀን ከእርስዎ እገላገላለሁ› ብለሃቸዋል።»

«ብያለሁ። በሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል። በቃ፣ ካቴናሽን አምጪና እንሂድ።» ከገባ ጀምሮ አንቺ እያለ ነው የሚናገራት። «ምን ታደክሚኛለሽ?»

«ሲወድቁ የት ነበርክ?»

ኔሪ ወደ ፕላስቲኩ ሙዝ ተመለከተ። ከዚያ፣ ዳግም ሳትጋብዘው፣ ትንሹ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«አዳራሹ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የብረት ሳህኖች አይተሻል? አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ። አንዱ ጋ ቀስ ብለው ያወሩት ሌላው ጋ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ልጆች ይሳሳቁበታል። እኔ ሰው እንዳያናግረኝ ብዬ ነው እዚያ የሄድኩት። ራሴን አስደግፌ እንደ ቆምኩ የአማቴ ድምፅ መጣ። ‹ኔሪ፣ አትዙር› አሉኝ። ‹ፊትህን እያየሁ አልችለውም። እሁድ መጥተህ ልጅህን ውሰድ። ለሱያፓ ብዬ ነው የከለከልኩህ፤ አሁን ሳስበው ሱያፓ በዚህ አትደሰትም። እሁድ ጠዋት ና።› እንዲህ አሉኝ። ስዞር ደረጃውን እየወጡ ነው።»

«አንተስ?»

«እዚያው ቁጭ አልኩ። ጩኸቱ እስኪሰማ ከዚያ አልተነሣሁም። ያየኝ የለም። የሚያምነኝም የለም። አንቺም አታምኚኝም።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማን ልናገር? ለዳጎቤርቶ?»

«እንግዲያው ለማንም አትንገር።»

ሲወጣ ሰማያዊውን ወንበር በእግሩ ገፋው።

ዴልሚራ ወደ አዳራሹ ሄደች። አንደኛው ሳህን ጋ ቆማ ማርሌኒን ወደ ሌላኛው ላከቻት፤ «የፈለግሽውን በለሆሳስ ተናገሪ» አለቻት። ማርሌኒ እየተነጫነጨች ሄደችና ፊቷን ወደ ብረቱ መለሰች።

«ይህቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትለቀኝ?» የሚል ድምፅ ዴልሚራ ጆሮ ውስጥ ገባ።

«ስጨርስ» አለች ዴልሚራ፣ እሷም በለሆሳስ። በወዲያኛው ጫፍ ማርሌኒ ስትደነግጥ ታየች።

ሽማግሌው የተናገሩበት ሳህን አጠገብ፣ ከጎኑ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ እናቶች የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር ነበር። ዴልሚራ ተቀመጠችበትና ማርሌኒን እንደገና አናገረቻት። የሚናገረው ሰው ጀርባው ብቻ ይታያል፤ ቃሉ ግን አንድም ሳይቀር ይሰማል።

*

ዳጎቤርቶ የቆዳ ቦቲውን አጣምሮ ተቀመጠ። የአባቱን የትምባሆ ንግድ የያዘው እሱ ነው፤ አዛዥነቱም ከዚያ የመጣ ነው።

«ኢንስፔክተርዬ፣ ገዳዩን ከደጅ አስቀምጠሽ እኔን ምን ትይኛለሽ?»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ግቢው ውስጥ። መኪናዬን አንሣ ካለኝ ዘበኛ ጋር ስሟገት። ጠይቂው፣ እስካሁን ይራገማል።» ዘበኛው ተጠይቆ ነበር፤ እውነትም እስካሁን ይራገማል። «አባቴ ያን ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ እንኳ አያስቆመውም ነበር። ዛሬ ይምጣ ያለው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰሞኑን ተለውጧል። የሱያፓን ፎቶ ይዞ ያለቅሳል። እርጅና ነው።»

«እህትዎስ ምን አለች?»

«ኤልቪያ? ኤልቪያ ምን ትላለች? ትዳር ሳትይዝ አባቴን ስታስታምም ዕድሜዋ ያለፈባት ሴት ናት። ከዬንሲ ሌላ ዓለም የላትም። ልጅቷ ብታስነጥስ ሐኪም ቤት ታድራለች።» ተነሣ። «ስሚኝ፤ ኔሪን ዛሬ ካላሰርሽው የሚያውቁኝ አለቆች አሉ። ደውዬ አስነሣሻለሁ።»

«ስልክ ከፈለጉ ፖሊሱ ጋ ያገኛሉ» አለች ዴልሚራ።

ኤልቪያ የወንድሟን ያህል ረጅም ናት። እንደሱ አልጮኸችም። ትንሹ ወንበር ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለች ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ ጠርዙ ሰፊ የሆነ የሰሌን ባርኔጣ ይዛለች።

«ልጄ የት ናት?» አለች።

«ከፖሊሷ ጋር ናት። ሴሚታ ዳቦ እየበላች።»

«ሴሚታ አትወድም።»

«ሁለተኛውን ጀምራለች።»

ኤልቪያ ከንፈሯን ገጠመች። «እርስዎ ልጅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ያስታውቅብዎታል።»

ዴልሚራ ይህን አሳልፋ አባቷ ሲወድቁ የት እንደነበረች ጠየቀቻት። ኤልቪያ ከዬንሲ ጋር ጥላ ክፍል ውስጥ እንደነበረች ነገረቻት። ክፍሉ ውስጥ ብርሃን የሚመጥ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አለ። መብራቱ ቦግ ሲል ግድግዳው አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ሰው የቆመበት ብቻ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ሰውየው ቢሄድም ጥላው እስኪደበዝዝ ድረስ አይሄድም።

«እኔ ባርኔጣዬን አድርጌ ቆምኩላት፤ ዬንሲ በስልኬ አነሣችኝ። ወዲያው ጩኸት ሰማን።» ስልኩን አቀበለቻት። ፎቶው ላይ በሚያበራው ግድግዳ መሐል ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ እጆቹን የዘረጋ ጥላ አለ። ፎቶው የተነሣበት ሰዓት ሁሉም ጩኸቱን ሰማን ካሉበት ሰዓት ጋር ይገጥማል።

ዴልሚራ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አባትዎ ልጅቷን ለኔሪ ለመመለስ አስበው ያውቃሉ?»

«አባቴ?» ኤልቪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ደስ የማይል ፈገግታ ነበር። «እሁድም አይመልሳትም፣ ሰማይ ቢደፋም አይመልሳትም። ያ ሰው ሚስቱን ጥሎ የሄደ ሰው ነው። ልጅቷ ስትታመም ያደረ፣ ጥርሷ ሲነቀል ያባበለ፣ ፀጉሯን የጎነጎነ እኔ ነኝ። እሱ ምን አደረገ? አውቶቡስ ነዳ።»

ዴልሚራ አንገቷን ነቀነቀች። «ባርኔጣዎን ያውሱኝ።»

«ለምን?»

«ፀሐዩ ከብዶኛል።»

ውጭ ዝናብ ይዘንብ ነበር።

*

ሁሉንም ጥላ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ዬንሲን ብቻ ከፖሊሷ ጋር ታች ተወቻት። ኔሪ በሩ አጠገብ፣ ዳጎቤርቶ ከኔሪ ፊት ለፊት፣ ኤልቪያ መሐል ላይ ቆሙ። ማርሌኒ እጇን አጣጥፋ ጥጉን ያዘች።

«ይህን ነፍሰ ገዳይ ከእህቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታስገቢዋለሽ?» አለ ዳጎቤርቶ።

«እኔን አፍህ አይጥራኝ» አለ ኔሪ።

«ልጥራህ፣ ምን ታደርጋለህ? እኔንም ልትገፋኝ ነው?»

ፖሊሱ መሐላቸው ገባ። ዴልሚራ እስኪበርዱ ጠበቀች።

«ኔሪ አማቱን የሚገድልበት ምክንያት ዛሬ ጠዋት ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ግን አልነበረውም» አለች። «ዶን ሌኦካዲዮ ታች ባለው ሳህን ‹መጥተህ ልጅህን ውሰድ› ብለውታል።»

«ውሸት ነው» አለ ዳጎቤርቶ። «ማን ሰማ?»

«እኔም እንደዚያ ነው የጠየቅሁት። ሰውየው አጥፍቶ የፈጠረው ተረት ሊሆን ይችላል። ግን መቼ ውሰዳት እንዳሉት የነገረው ለእኔ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከማናችሁም ጋር አልተነጋገረም። እሁድ ነው ያሉት።» ወደ ኤልቪያ ዞረች። «ወይዘሪት ኤልቪያ፣ አባትዎ ልጅቷን ይመልሱ እንደሆነ ስጠይቅዎት ‹እሁድም አይመልሳትም› አሉኝ። ማክሰኞ አላሉም፣ በገና አላሉም። እሁድን ከየት አመጡት?»

«አፌ ላይ የመጣ ነው።»

«ሊሆን ይችላል። ሳህኑ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰውም ሊያመጣው ይችላል።»

«አባቴ ሲሞት እኔ እዚህ ነበርኩ» አለች ኤልቪያ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ፎቶውን አይተዋል።»

«ወደሱ ልምጣ።» ዴልሚራ ባርኔጣውን አንሥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ግድግዳው በእኩል አራት ማዕዘን ሰሌዳዎች የተሠራ ነው፤ ባርኔጣው የአንዱን ሰሌዳ እኩሌታ እንኳ አልሸፈነም። «አሁን ፎቶውን እዩ። እዚያ ያለው ባርኔጣ አንድ ሰሌዳ ሸፍኖ ወደ ሁለተኛው አልፏል። ሰው ግድግዳው አጠገብ ከቆመ ጥላው የራሱን ያህል ነው። ስለዚህ ባርኔጣውን ያደረገው ሰው ግድግዳው ጋ አልነበረም።»

«መብራቱ ጋ ነው የቆምኩት» አለች ኤልቪያ ፈጥና። «መብራቱ ሲቀርብ ጥላ ይገዝፋል። ይህን ልጆችም ያውቁታል።»

«ትክክል ነው። ዳጎቤርቶ፣ ቁመትዎ ከእህትዎ ቁመት ብዙ አይለይም። መብራቱ ጋ ይቁሙልኝ።»

«እኔ የሰርከስ ዝንጀሮ ነኝ?»

«አባትዎን ማን እንደ ገደለ ማወቅ ይፈልጋሉ?»

ዳጎቤርቶ እያጉረመረመ ቆመ። መብራቱ ቦግ አለ። ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ፤ መሐሉ ላይ ግዙፍ ደረትና ትከሻ ብቻ ቀረ። ራስ አልነበረውም። ራሱ ጣሪያው ላይ ወጥቷል።

«ረጅም ሰው መብራቱ ጋ ሲቆም ይህ ነው የሚሆነው» አለች ዴልሚራ። «ፎቶው ላይ ግን ባርኔጣው የገዘፈ ሆኖ ራሱ ከግድግዳው መሐል ከፍ አይልም።»

ጥላው እስኪደበዝዝ ጠበቀችና ባርኔጣውን ደፍታ መብራቱ ጋ ተንበረከከች። እጆቿን ዘረጋች። መብራቱ እንደገና ቦግ አለ። ተነሥታ ሄዳ ከማርሌኒ አጠገብ ስትቆም ጥላዋ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ አጭር ገላ፣ የተዘረጉ እጆች። ስልኩን ከጎኑ ያዘችላቸው። ማንም ልዩነቱን ሊያሳያት አልሞከረም።

«ወይዘሪት ኤልቪያ ቆምኩ እንጂ ተንበረከክሁ አላሉም፤ መብራቱ ጋ የቆመው አጭር ሰው ነው» አለች። «ከቤተሰባችሁ መሐል እንደዚያ አጭር የሆነ ሰው አንድ ብቻ አለ። አንሺውና ተነሺው አንድ ሰው ሊሆን አይችልም ትሉ ይሆናል። እዚህ ክፍል ውስጥ ይችላል። ጥላው ይቀራል፤ ልጅ ዞራ የራሷን ጥላ ፎቶ ታነሣለች። እርስዎ፣ ወይዘሪት ኤልቪያ፣ ባርኔጣውንና ስልኩን ለዬንሲ ሰጥተው መጋረጃውን አልፈው ሄዱ። አባትዎ በሩን ተደግፈው ነበር።»

ዳጎቤርቶ ወደ እህቱ ዞረ። «ኤልቪያ?»

«ዬንሲን ጠይቋት» አለች ኤልቪያ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ አገጯ ግን አልወረደም። «እኔን እንዳነሣችኝ ትነግራችኋለች።»

«እንደዚያ እንድትል ነግረዋታል?»

ኤልቪያ ወደ መጋረጃው ተመለከተች።

«ልጠይቃት እችላለሁ» አለች ዴልሚራ፣ በተመሳሳይ ቀዝቃዛ ድምፅ። «አሁን አስጠራታለሁ። እዚህ አቆማታለሁ። መጀመሪያ እንዳሉት ትናገራለች። ከዚያ እንደገና እጠይቃታለሁ፣ ደግሜም እጠይቃታለሁ፤ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ናት፣ የምትችለው እስከ ሦስተኛው ድረስ ነው። ስታድግ አክስቷን ያሳሰረች በገዛ አፏ እንደ ሆነ ታውቃለች። ይህን የምፈልገው ይመስልዎታል? ፎቶው ብቻውን ይበቃኛል ወይስ አይበቃኝም፣ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ ደብዝዞ ጠፋ።

«አትጥሯት» አለች ኤልቪያ።

ከዚያ ማንንም ሳታይ ተናገረች። «ለመንኩት። እስክታድግ እንኳ ቆይ አልኩት። ‹አንቺ እናቷ አይደለሽም› አለኝ። እንደ ቀላል ነገር። ከታች የሚነሡትን ጃንጥላዎች እያየ፣ እየሣቀ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ላስፈራራው ነው ያሰብኩት ብዬ ለራሴ ስነግረው ነበር። ውሸት ነው። ላስፈራራው አልነበረም።»

ዳጎቤርቶ እጁን አነሣ፤ ሊመታት ይሁን ሊይዛት ራሱም ያወቀ አይመስልም። ፖሊሱ ያዘው። ኤልቪያ በኔሪ አጠገብ ስታልፍ ቆመች።

«ጆሮዋ ላይ ውሃ እንዳታስገባባት» አለችው። «ቶሎ ይመግላል። ሌሊት ከተነሣች መብራት አታብራ፣ እጇን ብቻ ያዛት።» የምትሰድበው ይመስል ነበር።

*

ዝናቡ አልቆመም። ዬንሲ መግቢያው ደረጃ ላይ ቆማ አባቷ የያዘላትን የመኪና በር አላይም አለች።

«ከአንተ ጋር አልሄድም። ከአክስቴ ጋር ነው የምሄደው። የት ነች?»

ኔሪ ወደ ዴልሚራ ዞረ። «ንገሪያት» አላት። «አንቺ ነሽ የወሰድሽባት። ምን እንደምላት ንገሪኝ።»

ዴልሚራ የምታውቀው ገዳዩን እስከ ማግኘት ድረስ ብቻ ነበር። «አላውቅም» አለችው።

ኔሪ የመኪናውን በር ዘጋ። ልጅቷን አልጎተታትም፣ አላባበላትም። እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ዬንሲ ዝናቡ ውስጥ ወርዳ በጡጫዋ ጉልበቱን መታችው። ደግማ መታችው። እጁን ሳያነሣ ጠበቃት። እየደከማት ሲሄድ ራቅ ብላ የደረጃው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ጃኬቱን አውልቆ በመሐላቸው አስቀመጠው። ዝናቡ ጃኬቱ ላይ ወረደ። ዴልሚራ ከመኪናዋ ውስጥ ሆና አየቻቸው፤ ሞተሩን አስነሥታ ስትወጣ ልጅቷ እጇን ሰድዳ የጃኬቱን እጅጌ ይዛ ነበር፤ ገና ወደ ራሷ አልሳበችውም።